ሕዋስ አፍንጫ የለውም፣ ኦክስጅን ማነሱን በምን ያውቃል? (የአንድ ክር ነገር)

ጥያቄውን የኢንተርኔት መድረካችን ላይ ያነሳው የድሬ ልጅ ነው። ሳቢያን ነው የሚኖረው፣ ኳስ ይጫወታል፣ ቡድናቸው ሐረር ላይ ግጥሚያ አለበት። ጥያቄ ይመስላል እንጂ ውስጡ አቋም አለው። ሐረር ከፍታ ስለሆነ ኦክስጅን የለም፣ የድሬ ልጅ እዚያ ሲሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው፣ ስለዚህ ቡድኑ ሁለት ቀን ቀድሞ ወጥቶ ቢያድር ደሙ ይወፍርለታል፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋሱ ይበዛለታል ባይ ነው። መጨረሻ ላይ ግን አንዲት ነገር ጣል አደረገ፣ ክሩን፣ ማለትም የመልሶቹን ሰልፍ፣ ያስረዘመችውም እሷ ናት። ሕዋስ አፍንጫ የለው፣ ሳንባ የለው፣ ኦክስጅን መጉደሉን በምን ያውቃል?

እዚህ መድረክ ላይ አብዛኛው ክር ስለ ሙቀትና ስለ ባጃጅ ታሪፍ ነው። ይሄኛው ስለተለየብኝ መልሶቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ በራሴ አፍ ላውራችሁ። ስድቡን ቀንሻለሁ። ሁሉንም ግን አይደለም፣ ጨው ያስፈልጋል።

1ኛ መልስ፦ እንደተለመደው ቀልድ። የድሬ ልጅ የሚያጥረው ኦክስጅን ሳይሆን ልምምድ ነው፣ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ውሎ ሐረርን መውቀስ ነውር ነው አለ አንዱ። ብዙ ሰው ሳቀለት።

2ኛ መልስ፦ ሐረር ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ነው። ሁሉም ቲቸር ይሉታል። በጨዋ ደንብ፣ ወንድሜ ብሎ ጀምሮ አረመው። ድሬም ሐረርም አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 ከመቶ ገደማ ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው። ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ነች፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። የባሕር ጠረፉን ግፊት መቶ ብንለው ድሬ 87 ገደማ፣ ሐረር 80 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ አለ፣ ግን እንደሚወራው አይደለም። ጤነኛ ሰው ሐረር ላይም ሄሞግሎቢኑ (ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ከ90 ከመቶ በላይ ኦክስጅን እንደተሸከመ ነው። ሰማንያ ሲባል ሰው ሃያ ከመቶ የታፈነ ይመስለዋል፣ ደም ግን እንደዚያ አይሰላም።

3ኛ መልስ፦ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ፣ ትንሽ ተቆጥቷል። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት፣ ደንገጎን፣ በእግሩ ወጥቶ ያውቃል፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ የነበረው እሱ ነው እንጂ ቲቸር አይደለም።

4ኛ መልስ፦ ነርስ ነች፣ ድሬ ውስጥ ትሠራለች። ሲስተር እያልን እንቀጥል። እሷ ሁለቱንም አስታረቀች። ደንገጎን ስትወጣ የሚያስተነፍስህ በአብዛኛው የኦክስጅን ማነስ አይደለም ትላለች። ጡንቻህ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያመነጭ፣ እሱ እንዲወጣ አንጎል ሥር ያለው ክፍል ቶሎ ቶሎ ተንፍስ ይልሃል። ሜዳ ላይም ብትሮጥ ያው ነው። ኦክስጅንን ነጥሎ የሚጠብቅ ደግሞ ሌላ አካል አለ። አንገት ላይ፣ ወደ አንጎል የሚሄደው ትልቁ የደም ቧንቧ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት፣ ግራና ቀኝ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ቁራጭ ሥጋ ናት። ደም ውስጥ ኦክስጅን ሲወርድ በሰከንዶች ውስጥ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል መልእክት ትልካለች። ኮርኔይ ሄይማንስ የሚባለው የቤልጂየም ሰው ለዚህ ሥራው የ1938ን የኖቤል ሽልማት ወስዷል።

5ኛ መልስ፦ አጭርና ደረቅ። ስለ አንገትና ስለ አንጎል ማን ጠየቀ፣ የተጠየቀው ስለ ሕዋስ ነው አለ። አነጋገሩ ባያምርም እውነቱን ነው። ይሄ ሰው እስከ መጨረሻው ሌላ ምንም አልጻፈም።

6ኛ መልስ፦ ከዚራ አካባቢ ፋርማሲ የሚሠራ ልጅ። ይህን ሁሉ በስልክ እንዴት እንደጻፈው እንጃ። ነገሩን ከሥሩ ያዘው። ሕዋሶቻችን ውስጥ ሂፍ የሚባል ፕሮቲን አለ። ሕዋሱ ኦክስጅን ኖረም አልኖረም ይህን ፕሮቲን ሲሠራ ይውላል። ኦክስጅን እንደ ልብ ካለ ግን ሂፍ ዕድሜ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይፈርሳል። እንዲፈርስ የሚያደርገው ኢንዛይም ሥራውን ለመሥራት ራሱ ኦክስጅን ይፈልጋል። ኦክስጅኑን ወስዶ ሂፍ ላይ ምልክት ያደርጋል፣ ፕሮሊን የሚባለው የፕሮቲን ቁራጭ ባለባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ። ቪኤችኤል የሚባል ሌላ ፕሮቲን ምልክቱን አይቶ ይይዘዋል፣ ለማፍረሻውም አሳልፎ ይሰጠዋል። ኦክስጅን ሲያንስ ምልክት አድራጊው ሥራ ይፈታል። ያኔ ሂፍን የሚነካው የለም። ይጠራቀማል፣ ጂኖቹ ወዳሉበት ወደ ኒውክለስ ይገባል፣ ከጓደኛው ጋር ይጣመርና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን ይቀሰቅሳል። አንዱ ኩላሊት ኢፖ የተባለውን ሆርሞን እንዲያመርት ያደርጋል፣ ኢፖ ደግሞ የአጥንት መቅኒን ቀይ የደም ሕዋስ ጨምር ይለዋል። ሌላው አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያደርጋል። የቀሩት ብዙዎቹ ሕዋሱ ያለ ኦክስጅን ከስኳር ጉልበት እንዲያወጣ ያግዙታል።

እዚህ ላይ እኔም ቆሜ ደግሜ አነበብኩት። ሕዋሱ ኦክስጅን ሲጎድልበት አዲስ ነገር አይጀምርም ማለት ነው። ሲያፈርስ የነበረውን ማፍረስ ያቆማል፣ በቃ። ለዚህ አእምሮ አያስፈልግም፣ ነርቭም አያስፈልግም።

7ኛ መልስ፦ ቀፊራ ገበያ የሚነግድ ሰው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ይመስለኛል። ገብቶኛል አለና በራሱ መንገድ አስረዳ። ኬላ ነው። ዕቃው ሌት ተቀን ይመጣል፣ ፈታሹ ማኅተም የመታበት ይወረሳል፣ የማኅተሙ ቀለም ኦክስጅን ነው። ቀለም ያለቀ ቀን ዕቃው ሁሉ ያልፍና ገበያው ይጥለቀለቃል። ከሥሩ ሦስት አራት ሰው እንዲህ ያለው ኬላ የት እንደሆነ እንዲጠቁማቸው ለመኑት።

8ኛ መልስ፦ ቲቸር ኬላውን ወዶታል፣ ግን አራሚ ነውና አረመ። ቀለም ብቻ አይበቃም፣ ማኅተሙ ራሱ ብረት ይፈልጋል አለ። ኢንዛይሙ ውስጥ የብረት ማዕድን አለ፣ ቫይታሚን ሲ ደግሞ ብረቱ ከሥራ እንዳይወጣ ያግዛል። ኩላሊት ላይ ኢፖን በዋናነት የሚያዘው የመጀመሪያው ሂፍ ሳይሆን ሁለተኛው፣ ወንድሙ እንደሆነም ጨመረ። ከዚያ ማኅተም የተመታበትን የሚወርሰው፣ ማለትም ቪኤችኤል፣ የተበላሸበት ሰው ምን እንደሚሆን ጻፈ፣ ከክሩ ሁሉ ጥሩው ቦታ ይሄ ነው። በዘር የሚተላለፍ ሕመም አለ፣ ያለባቸው ሰዎች ዓይን፣ አንጎልና ኩላሊት ላይ በደም ሥር የተሞላ ዕጢ ይወጣባቸዋል። ኦክስጅን ሞልቶ ሳለ ሕዋሳቸው አልቋል ብሎ የደም ሥር ይጠራል። አሜሪካዊው የካንሰር ሐኪም ዊልያም ኬሊን ወደዚህ ጉዳይ የገባው በዚህ ሕመም በር ነው። ግሬግ ሴሜንዛ ደግሞ የኢፖን ጂን ሲከታተል ሂፍን አገኘው። እንግሊዛዊው ፒተር ራትክሊፍ የኩላሊት ሐኪም ነበር፣ ይህ ኦክስጅንን የመለየት ችሎታ የኩላሊት ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት ሕዋስ ሊባል የሚችል መሆኑን አሳየ። የምልክቱን ነገር ኬሊንና ራትክሊፍ በ2001 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው፣ በአንድ ጊዜ አወጡት። ሦስቱም በ2019 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለሙ።

9ኛና 10ኛ መልስ፦ ዘመን አቆጣጠር። ሽልማቱ የተሰጠው በ2012 ነው የሚልና በ2019 ነው የሚል ሁለት ሰው ተናከሱ፣ እ.ኤ.አ. የምትለዋን ያያት የለም። መስከረም 26 ቀን 2012 ማለት በፈረንጅ ኦክቶበር 2019 ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ ለዚያ ነው ያላባራው።

11ኛ መልስ፦ በዚያው ሳምንት ነው የኛም ሰው የሰላም ኖቤል መውሰዱ የተነገረው አለ አንዱ። ልክ ነው፣ አራት ቀን ዘግይቶ። ከዚያ የሆነውን መገመት ትችላላችሁ። የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ ብዙ ነገር አጠፋና ወደ ኦክስጅን ተመለሱ ብሎ ወጣ።

12ኛ መልስ፦ ተጠራጣሪ። የሴሜንዛ ጥናቶች ከመጽሔት ተሰርዘዋል፣ ይህን ሁሉ ምን አድርጎ እንመነው አለ። ሲጽፍ ቃል አይመርጥም፣ ፋርማሲስቱን ሊንክ የሚለቃቅም አዋቂ ነኝ ባይ ብሎታል።

13ኛ መልስ፦ ፋርማሲስቱም አልተኛም። ስረዛው እውነት ነው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምስሎች ላይ በተነሳ ጥያቄ ከሰውዬው ጽሑፎች የተወሰኑት ተሰርዘዋል። የተሰረዙት ግን በኋላ የወጡ ናቸው። የሂፍ ግኝት የ1990ዎቹ ነው፣ እሱንም ሌሎች ቤተ ሙከራዎች በየራሳቸው ደጋግመው አይተውታል። አንድ ሰው ቢያጠፋ ሂፍ መፍረሱን አይተውም አለው። ከዚያ ያልተገባ ቃል ጨመረ፣ እሱን ዘለልኩት። በነገሩ ላይ ግን ፋርማሲስቱ ይበልጣል። ተጠራጣሪው የጠየቀው ደህና ጥያቄ ነበር፣ ስድቡ ነው ያበላሸበት።

14ኛ መልስ፦ አዲስ ሰው ገባ፣ ነገሩም መጨረሻው ቢራ ላይ ደረሰ። ብረት ካስፈለገ በብረት ቦታ ሌላ ማዕድን ቢገባስ ብሎ ጠየቀ። እንደ ቀልድ ነው የጠየቀው። ፋርማሲስቱ ግን እዚያው ሥር ቁም ነገር አደረገው። ኮባልት ኢንዛይሙን ያግደዋል፣ ሕዋሱ ኦክስጅን ሳይጎድል የጎደለ ይመስለዋል፣ ቀይ ደምም ይጨምራል። ድሮ ለደም ማነስ ኮባልት ይሰጥ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ካናዳ ኩቤክ ውስጥ አረፋው እንዳይጠፋ ተብሎ ቢራ ውስጥ ኮባልት ይጨመር ነበር፣ አብዝተው የሚጠጡ ሰዎች ልባቸው ደክሞ ሞቱ። የቢራው ሰው ከዚያ በኋላ ለስላሳ ነው የምጠጣው አለ። አላመንኩትም።

15ኛ መልስ፦ እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ። እናቷ የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ልጅ ናት። ደማቸው እያነሰ ተቸግረዋል፣ መርፌው ውድ ነው። ቅድም የተባለው ኢፖ እሱ ነው ወይ፣ በክኒን የሚገኝ ነገር አለ ሲሉ ሰምታለች፣ እውነት ነው ወይ?

16ኛ መልስ፦ ሲስተር አይዞሽ ብላ ጀመረች። አዎ እሱ ነው። ኩላሊት ሲደክም ኢፖ ያንሳል፣ መቅኒው ጤነኛ ቢሆንም የሚያዘው ያጣል። መርፌው ያንኑ ሆርሞን ይተካል። ክኒኑም እውነት ነው፣ ምልክት አድራጊውን ኢንዛይም ያግደዋል፣ ሂፍ ይጠራቀማል፣ ሰውነት ኢፖን ራሱ ይሠራል። ሮክሳዱስታት የሚባለው በ2018 እ.ኤ.አ. ከሁሉ ቀድማ ቻይና ፈቀደችው፣ ከዚያ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ግን እባክሽ እህቴ፣ ከውጭ ሰው አስልከሽ በራስሽ እንዳትሰጪያቸው። ደም ከልክ በላይ ከወፈረ ይረጋል፣ የደም ግፊትም ይነሳል። ሐኪማቸው የብረት መጠናቸውን አስቀድሞ ይይ፣ ብረት ከሌለ ኢፖ ብቻውን ዋጋ የለውም። ልጅቷ አመሰገነች። ነጋዴውም ስለ ኬላ ያወራው ሰው መሆኑን እስክንረሳ ድረስ የሚያምር ምርቃት ጻፈላት።

17ኛ መልስ፦ ከባቢሌ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ያደገ ነኝ የሚል ሰው። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ አፈር ከጉድጓድ እየወጣ ሲረጭ ያይ ነበር፣ ቆፍረው ሲያወጡት ፀጉር የሌለው፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣ መልከ ጥፉ ፍልፈል ነው። እሱ መሬት ውስጥ እንዴት አይታፈንም? ቲቸር ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተንደረደረ። ይህ ፍልፈል የኢትዮጵያ፣ የሶማሊያና የኬንያ ደረቅ ቆላ እንስሳ ነው። ለሳይንስ የተመዘገበው በ1842 እ.ኤ.አ. ከኛው አገር በተገኘ ናሙና ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ምንም ኦክስጅን በሌለበት 18 ደቂቃ ቆይቶ ተርፏል፣ ተራ አይጥ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው። በዚያ ሰዓት ልቡና አንጎሉ ፍሩክቶስ የሚባለውን የፍራፍሬ ስኳር ያቃጥላሉ፣ የእኛ አንጎል በችግር ጊዜ እንዲህ አያደርግም። ይህ ግን የሂፍ ሥራ አይደለም አለ ቲቸር፣ ሂፍ ጂን ቀስቅሶ ፕሮቲን እስኪያሠራ ሰዓታት ያልፋሉ፣ ፍልፈሉ ያን ያህል ጊዜ የለውም። የባቢሌው ሰው ልጅ ሆነን ስንቱን ገደልነው ብሎ አዘነ። ሌላው ደግሞ ጅቡስ ብሎ ሊቀጥል ሲል ማንም አልተከተለውም፣ ሐረር ከተነሳ ጅብ መምጣቱ አይቀርም።

18ኛ መልስ፦ የቀድሞ ሯጭ ናት፣ ሐረር ነው የምትኖረው። በቆጂ ሰልጥናለች፣ እዚያ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለ ሁለቱ ቀን ዕቅድ የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እሷ ናት። ሰዎች ሁለት ሰዓት ቆጣሪ እያምታቱ ነው አለች። ትንፋሽ በሰከንድ ይለወጣል። ኢፖ በሰዓታት ውስጥ ይጨምራል፣ እውነት ነው፣ ቀይ ደም ግን ከመቅኒ ወጥቶ ቁጥሩ እስኪሞላ ሳምንታት ይፈጃል። አሠልጣኞች ሦስት አራት ሳምንት ከፍታ ላይ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደም የወፈረ የሚመስለው ሰውነት ውሃውን በሽንት ስለሚያስወጣ ነው፣ አዲስ ደም መጥቶ አይደለም። ሐረር ደግሞ ለዚህ ሁሉ በቂ ከፍታ አይደለችም። የድሬ ልጅ ሌላ ሀብት አለው አለች፣ ሙቀት። በሙቀት የሚለማመድ ሰው የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ይረጫል።

ለእኔ የክሩ ቁልፍ ይህ ነው። ከላይ ከተጣሉት ግማሾቹ የተጣሉት አንዱ ስለ ሰከንድ፣ ሌላው ስለ ሳምንት እያወራ ስለነበር ነው።

19ኛ መልስ፦ የደጋ ሰው ከተፈጥሮው ደሙ ወፍራም ነው የሚል አንድ ሰው ተነሳ። ቲቸር አረመው። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን ለካ፣ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አልተለየም። የአንዲስ ተራራ ሰዎች ግን ደማቸው ወፍራም ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ደማቸው እንዳይወፍር የሚያደርግ ለየት ያለ የጂን ዓይነት አላቸው፣ ጂኑም ሁለተኛውን ሂፍ የሚሠራው ራሱ ነው። ተራራ ላይ ለመኖር መንገዱ አንድ አይደለም ማለቱ ነበር። ከዚያ ግን ነገሩ ወደ ዘር ሄደ፣ ከየትኛው ብሔር ማን ይበልጣል ተባለ፣ ኃላፊው ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። ቲቸር ተናዶ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ተማሪ ቢኖር ምን እንደሚያደርገው ጻፈና አጠፋው። አይቼዋለሁ፣ አልናገርም።

20ኛ መልስ፦ ሐረማያ የሚኖር ሰው። እስካሁን ዝም ብሎ ሲያነብ ነበር። ሕዳር ታኅሣሥ ላይ እዚያ ብርዱ አይቻልም። ጎረቤቱ በሩን ዘግቶ ከሰል አንድዶ ተኛ፣ ጠዋት በግድ ነው ያነቁት፣ ተረፈ። የማይገባው ነገር ግን አለ። አንገት ላይ ጠባቂ ካለ፣ ሕዋሱም ራሱ የሚያውቅ ከሆነ፣ ሰውዬው ለምን ታፍኖ አልነቃም?

21ኛ መልስ፦ ሲስተር። መልሷ ረጅም ነው፣ ግን አንዲት ቃል አይጣልም። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢን ላይ ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ደሙ ኦክስጅን መሸከም አቃተው ማለት ነው። አንገት ላይ ያለው ጠባቂ ግን የሚለካው ደሙ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ግፊት ነው፣ በሄሞግሎቢን የተጫነውን አይቆጥርም። ሳንባው ጤነኛ ስለሆነ ግፊቱ ደህና ነው፣ ጠባቂው ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱም በሳንባ እየወጣ ስለሆነ አንጎልም አይደነግጥም። ሂፍ ደግሞ ሥራው የሰዓታትና የቀናት ነው፣ ለዚህ አይደርስም። ስለዚህ የመታፈን ስሜት የለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያ እንቅልፍ። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያም ሁለቱን ስለማይለይ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ከከሰል በኋላ ራሱን ያመመው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ውጭ አየር ይውጣ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፣ ተኝቶ ይለፍልኝ አይበል።

22ኛ መልስ፦ መስኮት ገርበብ ብሎ ቢያድርስ ተባለች። አይበቃም፣ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን አውጡት ብላ ቁርጡን ተናገረች። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ሲመስልም ጋዙ አይቆምም።

ከ23ኛው በኋላ ያለው የአንድ ጆንያ ከሰል ዋጋ ቀፊራና ሐረር ላይ ስንት እንደገባ ነው። ነጋዴው አለበት፣ ተጠራጣሪውም ተመልሷል፣ እዚያ ላይ ግን ሁለቱ ተስማምተዋል።